ክረምት ሳይገባ ፍሪዘር የሚገባ ሽንኩርት

የቆቦ ሽንኩርት የደሴን ገበያ የሚሞላበት ወቅትና የደሴ ሰው ሽንኩርት አብዝቶ የሚፈልግበት ወቅት ሁልጊዜ አይገጥሙም። ከቆቦ ሜዳና ከግራና ሸለቆ የሚነሣው የመስኖ ምርት በመርሳ፣ በውጫሌና በሐይቅ አድርጎ ሽቅብ ወደ እኛ የሚወጣው በበጋው ወራት ነው፤ ያን ጊዜ ሽንኩርቱ ደረቅ፣ ልጣጩ የሚንኮሻኮሽ፣ አንገቱ የጠበበ፣ ዋጋውም ረከስ ያለ ይሆናል። ሁዳዴና ፋሲካ እንደ ዕድል ከዚያው ስለሚውሉ የሚያማርር የለም። ክረምቱ ከገባ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ዝናብ ያረሰረሰው ማሳ ሽንኩርቱን ያበሰብሳል፣ ገበያ የሚደርሰውም ልጣጩ የረጠበ፣ አንገቱ ያልደረቀ፣ ሦስት ቀን ሳይቆይ የሚሸት ይሆናል፣ ዋጋውም ይወጣል፤ ልክ በዚያው ጊዜ ፍልሰታ ይገባል፣ እሱን ተከትለው እንቁጣጣሽና መስቀል ይመጣሉ። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚገባ አንድ ዘመን በበጋ፣ ሌላ ዘመን በክረምት ይውላል። እንደ እኛ ሰፈር ያለ፣ የጎረቤቱ ፆም የራሱም የሆነለት የወሎ ቤት፣ በዓመት ውስጥ ሽንኩርት በብዛት የማይከተፍበት ወር ማግኘት ይቸገራል።

በእኛ ቤት ፍሪዘር ከገባ ወዲህ የተከተፈ ሽንኩርት በበረዶ ማቆየት የዘወትር ሥራዬ ሆኗል። ይህን ሲሰሙ በጣም የተገረሙት ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ናቸው። «ልጄ፣ በረዶ የመታው ሽንኩርት ደግሞ ምኑ ሽንኩርት ነው? ውሃውን ለቆ ይልፈሰፈስብሻል እንጂ!» አሉኝ። እኔም «እማማ፣ እርስዎስ ድስት ላይ ጥደው የሚያቁላሉት ውሃውን እንዲለቅልዎት አይደለም እንዴ?» ብዬ መለስኩላቸው። ትንሽ አሰቡና «አብሽሪ፣ እስቲ እናየዋለን» ብለው ሄዱ። ጥርጣሬያቸው ግን ትክክል ነበር፤ በረዶ ሽንኩርትን በእርግጥም ያልፈሰፍሰዋል። እኔ የምለው፣ ለወጣችን ሲባል ይህ መልፈስፈስ ጉዳት አይደለም ነው። ሽንኩርትን ቅርጹን ጠብቆ ለሚያቀርብ ምግብ ፍሪዘር ጠላት ነው፤ የእኛ ቁሌት ግን የሽንኩርቱን ቅርጽ ሆን ብሎ የሚያፈርስ የማብሰል ዘዴ ስለሆነ፣ በረዶው የሥራውን ግማሽ አስቀድሞ ይሠራልናል።

ሽንኩርት ከክብደቱ 89 በመቶ አካባቢው ውሃ ነው። ይህ ውሃ በዓይን በማይታዩ ሕዋሳት ውስጥ ተወጥሮ ስለተያዘ ነው ጥሬ ሽንኩርት በጥርስ ሲነከስ ቀጭ የሚለው። ውሃ በረዶ ሲሠራ መጠኑ በ9 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ በዚያ ላይ የሚፈጠሩት የበረዶ ቅንጣቶች ጠርዛቸው ስለታም በመሆኑ የሕዋሱን ግድግዳ ይበሳሉ። ቅዝቃዜው ቀስ እያለ የመጣ እንደሆነ ቅንጣቶቹ ጥቂትና ትልልቅ ይሆናሉ፣ ጉዳቱም ይብሳል፤ በፍጥነት ከመጣ ብዙና ደቃቅ ስለሚሆኑ ጉዳቱ ይቀንሳል። በረዶው በሚቀልጥበት ጊዜ ግድግዳው ተመልሶ አይገጥምም፣ ውሃውም መያዣ አጥቶ ይፈስሳል። ከደላንታ ወይም ከመቄት ደጋ የመጣ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ሌሊት ውርጭ የመታው ባቄላ ፀሐይ ስትወጣ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተልፈስፍሶ ሲወድቅ አይቷልና።

ድስት ላይ የሚሆነውን በዝርዝር ማየት ይገባል፤ ምክንያቱም የነገሩ ሁሉ መሠረት እዚያ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ ነው፤ ወረድ ብላ ባለችው ኮምቦልቻ እንኳ 94 ገደማ ነው። ሽንኩርቱ ውሃውን ለቅቆ እስኪጨርስ ድረስ የድስቱ ውስጥ ሙቀት ከዚህ ብዙም አይዘልም፤ ስለዚህም ውሃው ሳያልቅ ሽንኩርት አይቀላም፣ ጣፋጭ ሽታውም አይመጣም። እናቶቻችን ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ጥደው፣ እየማሰሉ፣ ሲይዝ ጠብ ጠብ እያደረጉበት የሚቆዩት ይህንኑ ውሃ ለማስወጣትና ክሩን ለማላላት ነው። ከፍሪዘር የወጣው ሽንኩርት ግድግዳው አስቀድሞ ስለተበሳ ውሃውን በአንድ ጊዜ ይለቃል፤ ድስቱ መጀመሪያ ላይ ሾርባ መስሎ ያስደነግጣል፣ ግን ከዚያ በኋላ ቶሎ ይልማል። በእኛ ከፍታ፣ በዝቅተኛ ሙቀት የሚፈላ ውሃ ሽንኩርትን ለማላላት ጊዜ በሚወስድበት አገር፣ ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም። መደረግ ያለበት ሽንኩርቱን ሳያቀልጡ በቀጥታ ከከረጢቱ ወደ ጋለ ድስት መገልበጥ፣ ድስቱን ሰፋ ያለ መምረጥ፣ ክዳኑንም አለመክደን ነው። አስቀድሞ ያቀለጠው ሰው ውሃውን ከነጣዕሙ ሳህን ላይ ያስቀረዋል።

ለሽሮ፣ ለምስር ወጥ፣ ለቅቅልም ሆነ ለስጋ ወጥ ልዩነቱን አፌ አይለየውም። ለዶሮ ወጥ ግን እጠነቀቃለሁ። የሚፈልገው ሽንኩርት በክብደት ከሥጋው የሚስተካከል ወይም የሚበልጥ ስለሆነ፣ ያ ሁሉ በረዶ በአንድ ጊዜ ሲገባ የድስቱን ሙቀት ይጥለዋል፤ ስለዚህ በየተራ መጨመርና የመጀመሪያው ውሃ ሲመጥጥ ሁለተኛውን ማስከተል ይሻላል።

ጥሬውን ለሚበላ ነገር ግን በፍጹም አይሆንም። ስንግ ቃሪያ ውስጥ የሚሞላ ሽንኩርት፣ የቲማቲም ፍትፍት፣ ሰላጣ፣ እነዚህ ሁሉ የሽንኩርቱን ቀጭታ የሚፈልጉ ናቸው፤ ከፍሪዘር የወጣው እነሱ ላይ ሲገባ ረጥቦ የተኛ ጨርቅ ይሆናል። በረመዳን የሚጠበሰው ሳምቡሳ በመካከል ነው ያለው። የምስሩ ሙሌት ውስጥ በረዶ የነበረ ሽንኩርት እንዳለ ከተደባለቀ ውሃው ሊጡን ያረጥበዋል፤ የረጠበ ሊጥ ደግሞ ዘይት ውስጥ ይፈነዳል። ሽንኩርቱን ለብቻው ምጣድ ላይ ውሃው እስኪደርቅ አመስ አድርጎ፣ አቀዝቅዞ ከምስሩ ጋር የቀላቀለ ሰው ችግር አይገጥመውም። ያው ጎረቤታችን በመጨረሻ የተስማሙልኝ በዚህ ነው፤ ለማፍጠሪያ ሰዓት ሲጣደፉ የተከተፈ ሽንኩርት ተዘጋጅቶ መገኘቱን ወደውታል፣ ለስንግ ግን ዛሬም ከገበያ ትኩሱን ነው የሚያስመጡት።

የትኛው ሽንኩርት ፍሪዘር ይግባ የሚለው ላይ ከብዙ ሰው ጋር እለያያለሁ። በርካሽ ወቅት ኩንታል ገዝቶ ሁሉንም ከትፎ በረዶ ማድረግ ብልህነት ተደርጎ ሲነገር እሰማለሁ። በደንብ የደረቀ ጤነኛ ሽንኩርት ግን ለመቆየት ፍሪዘር አያስፈልገውም። ነፋስ በሚገባው፣ ፀሐይ በማያገኘው ደረቅ ቦታ፣ ቆጥ ላይ ወይም ስስ መረብ ውስጥ ተዘርግቶ፣ ከድንች ተለይቶ ከተቀመጠ በደሴ ብርድ ለወራት ይቆያል፤ ለዚያውም ያለ መብራት ሒሳብ። ማዳበሪያ ውስጥ እንደታሰረ ቤት ጥግ ላይ የተጣለው ነው የሚሸተው። ሙሉውን ሽንኩርት ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥም አይጠቅምም፣ እርጥበቱ ያበቅለዋል ወይም ያሻግተዋል። እንግዲህ ፍሪዘር የሚገባው ሊቆይ የማይችለው ነው፦ ማብቀል የጀመረው፣ አንገቱ ወፍራም የሆነው፣ ሲወርድ ተፈንክቶ የተጎዳው፣ ክረምቱ ሲቃረብ ከቆጡ ላይ መለስለስ የጀመረው። የሻገተ ወይም የሸተተ ግን አይጨመርበትም። ቅዝቃዜ ተሕዋስያንን ያስተኛል እንጂ አይገድልም፤ በበረዶ የገባ ብልሽት ሲቀልጥ ካቆመበት ይቀጥላል።

አዘገጃጀቱ አድካሚ አይደለም። ሽንኩርቱ ይላጣል፣ የላጠው ሰው ቢፈልግ ያጥበዋል፣ ካጠበ ግን በንጹሕ ጨርቅ አድርቆ መክተፍ አለበት፤ ላዩ ላይ የቀረ ውሃ ሁሉ በረዶ ሆኖ ያጣብቀዋልና። ብዙ አትክልት ፍሪዘር ከመግባቱ በፊት ለአጭር ጊዜ በፈላ ውሃ መነከር አለበት፤ ካልተነከረ ውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች፣ ማለትም ለውጥን የሚያፋጥኑ የአትክልቱ የራሱ ንጥረ ነገሮች፣ በብርድም ቢሆን ቀስ እያሉ መልኩንና ጣዕሙን ያበላሹታል። የተከተፈ ሽንኩርትና ቃሪያ ግን ይህ ሳይደረግላቸውም ለወራት በደህና ይቆያሉ፣ እኔም አልነክርም። የተከተፈው ትሪ ላይ ሳይደራረብ ስስ ሆኖ ይዘረጋል፣ ትሪው ፍሪዘር ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይቆያል፣ እያንዳንዱ ፍሬ ሲጠጥር ወደ ከረጢት ይገለበጣል። ይህን ያላደረገ ሰው በኋላ ድንጋይ የሆነ ጉብታ በመጥረቢያ የሚመታ ይሆናል። ትሪ የሚያስገባ ቦታ የሌለው ደግሞ ለአንድ ወጥ የሚበቃውን በየከረጢቱ አድርጎ፣ በእጁ ዳምጦ እንደ ቂጣ ጠፍጣፋ ቢያደርገው ቶሎ ይጠጥርለታል፤ ሲፈልግም በእጁ ሰብሮ የሚበቃውን ይወስዳል። ከከረጢቱ ውስጥ አየሩን ጨምቆ ማስወጣት የግድ ነው። አየር ባለበት በረዶው ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ እንፋሎት እየተለወጠ ሽንኩርቱን ያደርቀዋል፤ ከከረጢቱ ጫፍ የሚታየው ነጭ ነጭ ውርጭ ከሽንኩርቱ የወጣ ውሃ ነው። ከላዩ ላይ ቀኑን መጻፍ ይገባል። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ጣዕሙ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቢበላ አይጎዳም፣ ግን ሽታው እየደከመ ይሄዳል።

ስለ ሽታ ከተነሣ፣ ስስ የገበያ ፌስታል የሽንኩርትን ሽታ አያግድም። አጠገቡ ያለ ቅቤ፣ በረዶው፣ የሕፃን ወተት ሳይቀር ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል፤ የወሎ ሰው ለቅቤው ያለውን ክብር ለሚያውቅ ይህ ቀላል ጥፋት አይደለም። ወፍራም ከረጢት ድርብ አድርጎ መጠቀም ወይም ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ዕቃ መምረጥ ነው የሚሻለው።

ዓይን የሚያስለቅሰውም የዚያው ሽታ ቤተሰብ ነው። ሽንኩርት ሳይቆረጥ በውስጡ ያሉት የድኝ ውሕዶችና ኢንዛይሞች ተለያይተው ይቀመጣሉ፤ ቢላዋ ሕዋሱን ሲያፈርሰው ይገናኙና የሚያስለቅሰውን ጋዝ ይፈጥራሉ። ለረጅም ጊዜ አሊኔዝ የሚባለው ኢንዛይም ብቻውን ይህን እንደሚያደርግ ይታሰብ ነበር፤ በ2002 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ጋዙን የሚሠራ ሌላ የተለየ ኢንዛይም እንዳለ አሳዩ። ብርድ የእነዚህን ኢንዛይሞች ሥራ ስለሚያዘገየው፣ ከመክተፍ በፊት ሽንኩርቱን ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ እንባውን ይቀንሳል። ከዚህ የበለጠ ግን የሚያሳስበኝ የሚያለቅሰው ማን ነው የሚለው ነው። የበዓል ዋዜማ ሌሊት በብዙ ቤት ወንዱ በግና ዶሮ ሲመርጥ ውሎ ይገባል፤ መክተፊያው ዙሪያ እስከ እኩለ ሌሊት ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች የምትቀመጠው እናት፣ እኅት፣ ወይም ከገጠር የመጣች ሠራተኛ ናት። የፍሪዘር ሽንኩርት ገንዘብ ያተርፋል ብዬ አልከራከርም፤ የከረጢቱና የመብራቱ ሒሳብ ሲደመር በርካሽ የተገዛበት ትርፍ ይሳሳል። የሚያተርፈው ያንን ሌሊት ነው። ሥራው ወደ አንድ ረጋ ያለ የእሑድ ከሰዓት ይዛወራል፣ ያን ቀን ደግሞ ቤት ያለ ሰው ሁሉ፣ ወንድም ጭምር፣ ቢላዋ መያዝ ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ፍሪዘሩ በእርግጥ ፍሪዘር ከሆነ ነው። ምግብ ለረጅም ጊዜ የሚቆይበት ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሲየስ ነው። በብዙ ቤት ያለው ባለ አንድ በር ትንሽ ፍሪጅ ከላይ ያለችው የበረዶ ሳጥን ግን ብዙ ጊዜ እዚያ አትደርስም። ሳጥኗ በር ላይ የተሳሉት ኮከቦች ይህን ለመንገር ነው፦ አንድ ኮከብ ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ ማለት ሲሆን አስቀድሞ በረዶ የሆነ ምግብ ለሳምንት ያህል ያቆያል፤ ሁለት ኮከብ ከዜሮ በታች 12 ሆኖ ለአንድ ወር፣ ሦስት ኮከብ ከዜሮ በታች 18 ሆኖ ለሦስት ወር ገደማ ያቆያሉ። ትኩስ ምግብን ራሱ ወደ በረዶ ለመለወጥ ተብሎ የተሠራው ከሦስቱ ጎን አንድ ትልቅ ኮከብ የተጨመረበት ነው። ባለ አንድ ኮከብ ሳጥን ውስጥ ሽንኩርት የምታስቀምጥ እኅቴ በሳምንቱ ብትጠቀመው ይሻላታል።

ከዚያ መብራት አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲገባ መብራት ጠፍቶ የነበረበትን ጊዜ ለኖርን ሰዎች ፍሪዘር ሙሉ ምግብ ማስቀመጥ እምነት ይጠይቃል። ያን የመሰለ ክፉ ቀን ባይሆንም፣ ለአንድ ቀን መጥፋቱ የተለመደ ነው። በምግብ የተሞላ ፍሪዘር በሩ ሳይከፈት 48 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይጠብቃል፤ ግማሹ ባዶ የሆነ 24 ሰዓት ገደማ ብቻ። ስለዚህ ባዶውን ቦታ ውሃ በሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ መሙላት ይጠቅማል፣ ውሃው እንዲሰፋ ግን አናቱ ላይ ክፍተት መተው ነው። ሰው ቤት በሌለበት መብራት ጠፍቶ መመለሱን ለማወቅ የሚሆን ቀላል ዘዴም አለ፦ በአንድ ኩባያ ውሃ በረዶ ሠርቶ ላዩ ላይ ሳንቲም ማስቀመጥ። ሳንቲሙ ከኩባያው ታች ሰጥሞ ከተገኘ በረዶው ቀልጦ እንደገና ጠጥሯል ማለት ነው፣ ውስጥ ያለውም ምግብ አብሮት እንደቀለጠ ይታወቃል። ሽንኩርቱ ላይ ገና የበረዶ ቅንጣት ካለበት መልሶ ማስጠጠር ይቻላል፣ ይበልጥ ይለሰልሳል እንጂ አይበላሽም። እኔ ግን በዚያ ጊዜ መልሼ ከማስቀምጠው ወዲያው አቁላልቼ እጨርሰዋለሁ።

እንዲያውም ከጥሬው ይልቅ የምመርጠው ቁሌቱን ማስቀመጥ ነው። አምስት ኪሎ ጥሬ ሽንኩርት የሚይዘው ቦታ ሲቁላላ ወደ ጥቂት ከረጢት ይቀንሳል፤ የፍሪዘር ቦታ ውድ በሆነበት ቤት ይህ ብቻውን ይበቃል። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ውሃው እስኪመጥጥ አቁላልቶ፣ ትንሽ ዘይት ጨምሮ ቀይ እስኪል ማብሰል፣ እዚያ ላይ ማቆም ነው። በርበሬና ጨው አልጨምርም። በርበሬውን በየወጡ ዓይነት መለወጥ ስለምፈልግ ነው፤ ጨው ደግሞ ቅባት ፍሪዘር ውስጥም ቢሆን ቶሎ እንዲከነትር ያፋጥናል። ለልጆች አልጫ የሚፈለገውም፣ ለእንግዳ ቀይ ወጥ የሚፈለገውም ከዚያው ከረጢት ይወጣል። የበሰለ ምግብ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ሜዳ ላይ መቆየት የለበትም፤ ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ እያማሰሉ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ በየመጠኑ ከፋፍሎ ማስገባት ይበቃል።

ይህ በወሎ ወጥ ቤት ፈጽሞ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ድልህ ሲዘጋጅ ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ከበርበሬው ጋር አብረው ተወቅጠው ለወራት የሚቆዩት ጨውና በርበሬ ስለሚጠብቋቸው ነው። ቋንጣም ውሃው ወጥቶለት ነው የሚቆየው። ማድረቅ ውሃውን ያስወጣል፣ ጨው ውሃውን ያስራል፣ በረዶ ውሃውን ባለበት ያቆመዋል። ሦስቱም የሚሠሩት ውሃው ላይ ነው።

ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ላይ ግን አንድ ማሳሰቢያ መጨመር አለብኝ። ፈጭቶ ዘይት አፍስሶበት ብልቃጥ ውስጥ መደርደሪያ ላይ የማኖር ልማድ በዘመድ ቤት ሁሉ አያለሁ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት አየር በማያገኝበት ዘይት ውስጥ በቤት ሙቀት ሲቀመጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን ሕመም የሚያመጣውን መርዝ የሚሠሩ ተሕዋስያን ሊራቡበት ይችላሉ፤ ይህ መርዝ ሽታም ሆነ መልክ ሳይለውጥ ሰው ይገድላል። የተፈጨውን በረዶ መሥሪያ ትሪ ላይ በየጉድጓዱ አድርጎ ማስጠጠርና ፍሬ ፍሬውን ከረጢት ውስጥ ሰብስቦ ፍሪዘር ውስጥ ማቆየት ይህን አደጋ ያስቀራል፤ ለአንድ ድስት ወጥ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ቁሌቱ ሲላላ ይጨመራል።